ስለ ሯጩ ሐኪም ስለ ዶክቶር አርተር ዊንት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



በየመንደሩ ስለ ልጆች ሩጫና ጨዋታ ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንዳንዱ አባት ልጁ ሲሮጥና ሲዘል ባየው ጊዜ፥ «ይህ ልጅ እግሩ እንጂ ልቡ አልተማረም» እያለ ያዝናል፤ መምህሩም ሯጩን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ ቈጥሮ ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። ሌላው አባት ደግሞ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ካመጣ ወዲህ የተነሡት ሯጮች ያገኙትን ክብርና ሀብት ሰምቶ፥ ልጁ ከእኩዮቹ ጥቂት የፈጠነ እንደ ሆነ ደብተሩን አስጥሎ ወደ ሩጫ ብቻ ሊሰደው ያስባል። የፊተኛው እግርን ይንቃል፤ የኋለኛው መጽሐፍን ይንቃል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የእግር ብርታትና የአእምሮ ትምህርት በአንድ ሰው ላይ አይገናኙም ማለታቸው ነው።

በዚህ አሳብ ምክንያት ስንት ልጅ ከትምህርት እንደ ቀረ የሚያውቁት በየመንደሩ ያሉት መምህራን ናቸው። አሳቡን ለማፍረስ ብዙ ክርክር ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሕይወት ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስተምራልና፥ ዛሬ የጃማይካ ተወላጅ የሆነው የዶክቶር አርተር ዊንት ታሪክ ይነገራል። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የተወለደበት አገርና ልጅነቱ

ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 11,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሲሆን በ14 አውራጃ የተከፈለች ናት። ሸንኮራ አገዳ፥ ሙዝና ቡና ይበቅልባታል። የሕዝቧም አብዛኛው ክፍል ቀድሞ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎች ዘር ነው። እስከ 1962 ድረስ በእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ሥር ነበረች። ስሟ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 በጐበኟት ጊዜ ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ በታላቅ ደስታ ተቀብሏቸው ነበር።

አርተር ዊንት በ1920፥ በኢትዮጵያ ቍጥር በ1912 ዓመተ ምሕረት፥ በግንቦት ወር፥ ማንቸስተር በምትባለው አውራጃ ተወለደ። ካላባርና ኤክሴልሲየር በሚባሉት ትምህርት ቤቶች ተማረ። ቁመቱ እጅግ ረጅም ስለ ነበረ፥ ባደገ ጊዜ ሁለት ሜትር ሊሞላ የቀረው ጥቂት ብቻ ነበረ። ጠባዩ ግን ትሑትና ዝምተኛ ስለ ሆነ የሚያውቁት ሰዎች «የዋሁ ግዙፍ» ብለው ይጠሩት ነበር። በ1937 ከአገሩ ወጣት ሯጮች ሁሉ ብልጫ ያለው ተብሎ ተመሰገነ፤ በሚከተለውም ዓመት በፓናማ በተደረገው የማዕከላዊ አሜሪካ ጨዋታ 800 ሜትር ሮጦ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ። ያን ጊዜ ገና የ17 ዓመት ጐበዝ ነበረ።

ነገር ግን እግሩ በጠናበት ዘመን የሚሮጥበት አደባባይ ታጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ በ1940 እና በ1944 ሊደረግ የታሰበው የኦሊምፒክ ጨዋታ ቀረ። ለሯጭ ከ20 እስከ 28 ያለው ዕድሜ እንደ ዘር ወራት ነው፤ አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። ዊንት ይህን ዘመን በከንቱ አላሳለፈውም። በ1942 ወደ እንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ገባ፤ በካናዳ አይሮፕላን መንዳትን ተምሮ በ1944 ወደ ብሪታንያ ተላከና በአይሮፕላን ነጂነት አገለገለ። ጦርነቱም ካለቀ በኋላ በ1947 ከአየር ኃይል ተሰናብቶ፥ ለንደን ከተማ በሚገኘው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ተማሪ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ። ጦር ሜዳ ውሎ የተመለሰ ሰው፥ ያውም በሩጫ ስሙ የታወቀ፥ እንደ ገና ደብተር ይዞ በተማሪ ወንበር ላይ መቀመጡ ለብዙዎች ውርደት ሊመስል ይችላል። እርሱ ግን አላፈረበትም።

ሐኪም ቤቱና የልብ ትምህርት

የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል በ1123 የተቋቋመ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሆስፒታሎች እጅግ ከቈዩት አንዱ ስለ ሆነ ስሙ የታወቀ ነው። ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ሁሉ ዞሮ ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚገባ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ዊልያም ሃርቬይ በዚህ ሆስፒታል ሐኪም ነበረ። እንግዲህ በእግሩ የሚሮጠው ዊንት፥ ሯጭን የሚያስሮጠው ልብ እንዴት እንደሚሠራ የታወቀበትን ትምህርት ሊማር የገባው፥ ትምህርቱን ለዓለም የገለጠው ሊቅ ወደ ሠራበት ቤት ነው።

ይህም ነገር ለመምህራን ትልቅ ምሳሌ ይሆናል። የአንድ ጕልማሳ ልብ ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ በአንድ ደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል። በብርቱ ሲሮጥ ግን 180 ሊደርስ ይችላል። ሥጋው ሥራ በበዛበት መጠን ከደም ጋር የሚመጣለትን አየር ይሻልና፥ ልብ ፈጥኖ ይመታል፤ ሳንባም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። 400 ሜትር በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ሰው ግን ምንም ቢተነፍስ ለሥጋው የሚበቃ አየር አያገኝም፤ ስለዚህ ሥጋው በውስጡ ያከማቸውን ኃይል ያለ በቂ አየር ያቃጥላል። ከዚህ የተነሣ በመጨረሻው 100 ሜትር ላይ እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል። በዚህ ሩጫ አስቀድሞ የሮጠ ሁሉ አያሸንፍም፤ ኃይሉን ለመጨረሻ ያቈየ ያሸንፋል።

የ1948 የለንደን ጨዋታ

በ1948 ከ12 ዓመት ዕረፍት በኋላ የኦሊምፒክ ጨዋታ በለንደን ተደረገ። ጃማይካም በስሟ ልጆቿን ስትልክ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበረ። ዊንት በ800 ሜትር ሮጦ በአሜሪካዊው በማል ዊትፊልድ በሦስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የ400 ሜትር ሩጫ መጣ። በዚህ ርቀት በዚያ ዘመን ከዓለም ሁሉ ፈጣን የነበረው የዊንት የአገሩ ልጅ ኸርብ ማክኬንሊ ነበረ፤ ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀውም እርሱ ነበረ። ማክኬንሊ እንደ ልማዱ ከመነሻው ጀምሮ በብርቱ ሮጦ ሌሎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ተዋቸው። ዊንት ግን ሳይቸኩል በረጅም እርምጃው ተከተለው፤ በመጨረሻውም ቀጥታ መንገድ ላይ፥ የማክኬንሊ እግር በከበደበት ጊዜ፥ ደረሰበትና አለፈው። የዊንት ጊዜ 46.2 ሴኮንድ፥ የማክኬንሊ 46.4 ሴኮንድ ነበረ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህም ለጃማይካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዚያች ትንሽ ደሴት ልጆች፥ ከ60 ዓመት በኋላ በ2008 በቤይጂንግ ዓለምን ያስደነቀው ኡሴይን ቦልት ሳይቀር፥ የሮጡት ዊንት በከፈተው መንገድ ነው።

ነገር ግን የዊንት ታሪክ በዚህ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ለትምህርት ቤት አይበቃም ነበር። በዚያው ጨዋታ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 400 ሜትር እየሮጡ ዱላ የሚቀባበሉበት ሩጫ ተደረገ። ጃማይካ አራት ብርቱ ሯጮች ነበሯት፤ እነርሱም ጆርጅ ሮደን፥ ሌስሊ ላይንግ፥ ዊንትና ማክኬንሊ ናቸው። ዊንት ሦስተኛ ሆኖ ዱላውን ተቀብሎ ሲሮጥ በድንገት የእግሩ ሥጋ ተጨማደደበትና በሜዳው ላይ ወደቀ። ማክኬንሊ በተራው ቆሞ ሲጠብቅ ዱላው ሳይደርሰው ቀረ፤ የአሜሪካም ሰዎች አሸነፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአገሩ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣው ሰው፥ በዚያው ሳምንት የጓደኞቹን ድካም በገዛ እግሩ ምክንያት ከንቱ ሲያደርግ ሕዝብ ሁሉ አየው።

አራት ዓመት የትዕግሥት ጊዜ

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ሰው ላይ ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው ተስፋ ቈርጦ ሩጫን መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያን ውርደት ለማጥፋት ሲል ሌላውን ሥራ ሁሉ ጥሎ ሩጫን ብቻ ማምለክ ነው። ዊንት ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። ትምህርቱን ቀጠለ፤ ሩጫውንም ቀጠለ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ከዓመት ወደ ዓመት በሁለቱም መንገድ ሄደ።

በ1952፥ በኢትዮጵያ ቍጥር በ1944፥ ጨዋታው በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ሆነ። ዊንት 32 ዓመት ሆኖት ነበር። በ400 ሜትር ወጣቶቹ ቀደሙትና አምስተኛ ወጣ፤ አንደኛ የሆነው ሮደን፥ ሁለተኛ የሆነው ማክኬንሊ ነበሩ። በ800 ሜትር እንደ ገና በዊትፊልድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ከዚህ በኋላ እነዚያው አራት ሰዎች ከአራት ዓመት በፊት በወደቀባቸው የዱላ ቅብብል ሩጫ ተሰለፉ።

የዚህ ሩጫ ቍጥር በሒሳብ ሰዓት ለልጆች ሊነገር የሚገባ ነው። ዊንት ፊተኛ ሆኖ በ46.8 ሴኮንድ ሮጦ ዱላውን ለላይንግ ሰጠ፤ ላይንግም በ47.0 ሴኮንድ ጨረሰ። በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ሰዎች ከአንድ ሴኮንድ ተኩል በላይ፥ ይኸውም ከ12 ሜትር በላይ፥ ቀድመው ነበር። ማክኬንሊ ዱላውን ተቀብሎ በ44.6 ሴኮንድ ሮጠ፤ ያን ያህል ርቀት ዘግቶ ከፊታቸው ለጥቂት ወጣ። ሮደንም በ45.5 ሴኮንድ ሮጦ፥ ዊትፊልድ ከኋላው ሳይለየው፥ ፊተኛ ሆኖ ገባ። ድምሩ 183.9 ሴኮንድ፥ ይኸውም 3 ደቂቃ ከ3.9 ሴኮንድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጊዜ ከቶ ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። የአሜሪካ ሰዎች ጊዜ 3 ደቂቃ ከ4.0 ሴኮንድ ነበረ። አራት ሰዎች 1,600 ሜትር ሮጠው የተላለፉት በአንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

አራቱም እኩል አልሮጡም። ከሁሉ የፈጠነ ማክኬንሊ ነበረ፤ ከሁሉ የዘገየ ላይንግ ነበረ። ነገር ግን የላይንግ እግር በአንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ብቻ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ የማክኬንሊ ፍጥነት ብቻውን ባላሸነፈም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ተፈጸመ።

ሐኪም ሆኖ ወደ ገጠር መመለሱ

ዊንት በ1953 በለንደን በዌምብሊ ስታዲዮም የመጨረሻ ሩጫውን ሮጠ፤ በዚያው ዓመት የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ ሐኪም ሆነ። በሚከተለው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ኒሻን ሸለመችው። በእጁ የኦሊምፒክ ወርቅ፥ በደረቱ ኒሻን፥ በስሙ ላይ ዶክቶር የሚል ማዕረግ የያዘ ሰው፥ በትልቅ ከተማ ተቀምጦ በክብርና በምቾት ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1955 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያም በኋላ በደሴቲቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ ዳር ሃኖቨር በምትባለው አውራጃ ተቀመጠ፤ በዚያች አውራጃ የሚኖር ሐኪምም እርሱ ብቻ ሆነ።

አንድ ሐኪም ብቻ በሚገኝበት አውራጃ ሥራው ምን እንደሚመስል የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምጥ የጠናባት ሴት፥ ከዛፍ ወድቆ እጁ የተሰበረ ልጅ፥ በትኵሳት የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሁሉም የሚመጡት ወደ አንዱ ሰው ነው። ሌሊትና ቀን፥ ዝናብና ፀሐይ አይለይም። ለዚህ ሥራ የሚያጨበጭብ ሕዝብ በዙሪያው አይቆምም፤ ጊዜውንም በሴኮንድ የሚለካ ዳኛ የለም። የዳነው በሽተኛ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሐኪሙም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከዓለም ሁሉ ፊት ወርቅ የተቀበለ ሰው ይህን ሥራ መምረጡ ከሩጫው ይልቅ የሚደነቅ ነው።

ከ1974 እስከ 1978 ድረስ መንግሥቱ በብሪታንያ የጃማይካ ከፍተኛ ኮሚሽነር፥ በስዊድንና በዴንማርክም አምባሳደር አድርጎ ሾመው። በተማሪነት ወደ ኖረባት፥ በሩጫም ድል ወዳደረገባት ወደ ለንደን የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ተመለሰ። በ1992 በጥቅምት ወር፥ የጃማይካ ሕዝብ ጀግኖቹን በሚያስብበት ቀን፥ በ72 ዓመቱ ሊንስቴድ በምትባለው ከተማ ዐረፈ። በኪንግስተን ከተማ በብሔራዊው ስታዲዮም አጠገብ የሚያልፈው መንገድ በስሙ ተጠርቷል።

ከዚህ ታሪክ ስለሚገኘው ትምህርት

የተከበራችሁ መምህራን፤ ዊንት በሩጫ የታወቀበት ዘመን ከ1937 እስከ 1953 ድረስ 16 ዓመት ያህል ነው። ከእነዚህም ውስጥ ጥቂቶቹን ጦርነት ወስዶበታል። ወርቁን ያገኘበት ሩጫ ግን 46.2 ሴኮንድ ብቻ ነበረ። ሐኪም ከሆነ በኋላ ደግሞ 39 ዓመት ኖረ። የሯጭ እግር ቶሎ ይደክማል፤ የተማረ አእምሮ ግን ጠጕር በሸበተ ጊዜ ይበልጥ ይሠራል። ስለዚህ ፈጣን የሆነውን ልጅ «ሩጫህን ተው» አትበሉት፤ ነገር ግን እግሩ በደከመ ጊዜ በምን ሥራ እንደሚኖር ዛሬውኑ ጠይቁት፤ መልሱም በደብተሩ ውስጥ እንዳለ አሳዩት።

ሩጫን ራሱን ትምህርት ማድረግ ይቻላል። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጥቂት ከመሮጣቸው በፊት፥ ሁለቱን ጣታቸውን በእጃቸው አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አኑረው የልባቸውን ምት እንዲቈጥሩ ማድረግ ነው። መምህሩ ሰዓት ይዞ በግማሽ ደቂቃ ያስቈጥራቸዋል፤ እነርሱም ያገኙትን በሁለት አባዝተው በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ከሮጡ በኋላ ወዲያው እንደ ገና ይቈጥራሉ። ከዚያም በየደቂቃው እየቈጠሩ ልባቸው ወደ ፊተኛው ምት በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ ይመዘግባሉ። በዚህ አንድ ሥራ ሒሳብና የሰውነት ትምህርት ባንድነት ይገኛል፤ ዋጋውም አንድ ቍራጭ ጠመኔ ብቻ ነው። ነገር ግን ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ኅሊናውን ስቶ የሚወድቅ ልጅ ቢገኝ እንዲሮጥ ማስገደድ አይገባም፤ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መንገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ልጅ ሰነፍ ሲባል የኖረው የልብ ሕመም ኖሮበት ነውና።

ሁለተኛው ነገር ስለ ወደቀ ልጅ ነው። ፈተና የወደቀውን፥ በጓደኞቹ ፊት አንብብ ተብሎ የተሰናከለውን ልጅ መሳቂያ የሚያደርግ መምህር፥ ያ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ሊያመጣ የሚችለውን ነገር ዛሬ ይገድላል። የዊንት ጓደኞች በወደቀ ጊዜ ከመካከላቸው አላወጡትም፤ በሄልሲንኪም ዱላውን የመጀመሪያ ሆኖ እንዲይዝ ያደረጉት እርሱን ነው።

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፤ ለእናንተ የሚነገረው ደግሞ ይህ ነው። በመንደራችሁ ትምህርት ቤት ዛሬ አቧራ ላይ ከሚሮጡት ልጆች መካከል ነገ ሐኪም የሚሆን ሊኖር ይችላል። ወንድ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ለመቅዳት ከሌሊት ጀምራ ወደ ወንዝ የምትሮጠው ሴት ልጅም የምጥ ሕመም የያዛትን ጐረቤቷን የምታድን ሐኪም ልትሆን ትችላለች፤ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ካልተዳረች ነው። ለእርሻ ወራት ወይም ለጋብቻ ተብሎ ከትምህርት የሚወጣ ልጅ እንደ ተቋረጠ ዱላ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል።

የተማረውም ልጅ ወደ መንደሩ እንዲመለስ፥ መንደሩ መመለሻውን ማዘጋጀት አለበት። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ መጥረግ፥ ለሚመጣው ሐኪም ወይም መምህር ማደሪያ መሥራት፥ በሥራውም ማክበር የሽማግሌዎች ፋንታ ነው። ሐኪሙን በመንገድ መበላሸትና በማደሪያ ማጣት ያባረረ መንደር፥ ልጁ በታመመበት ሌሊት «ሐኪም የለም» ብሎ ማልቀስ አይገባውም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በየትምህርት ቤቱ በተነበበ ማግስት መምህሩ ከተማሪዎቹ መካከል የፈጠኑትን ልጆች ስም ይጻፍ፤ የእነዚያንም ልጆች የንባብና የሒሳብ ውጤት ጐን ለጐን ያኑር። በአንዱ በርትቶ በሌላው የደከመ ልጅ በተገኘ ጊዜ፥ አባቱን ጠርቶ ስለ ሁለቱም ይንገረው፤ ሽማግሌዎችም በዚያ ምክር ላይ ይገኙ።